“ምንም የለብዎትም” ከተባለ በኋላ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት፣ አዘዞን አልፎ ትንሽ እንደ ተጓዙ ጠዳ ይደረሳል። ሚኒባሱ ለአፍታ ቆም ይላል፤ ረዳቱ “ማክሰኚት! ማክሰኚት!” እያለ ይጣራል፤ ባጃጆች ከወዲያ ወዲህ ይሽሎከሎካሉ። በገበያ ቀን ጤፍና ሽምብራውን የሸጠ ሰው ወደ ቀየው ከመመለሱ በፊት ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ይገዛል። ከዚያ መንገድ ዳር ካለው መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት ይቆማል። የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ለሆድ፣ ለወገብ ወይም ለራስ።

“ለራስ” ብለው ከቆሙት አንዷ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያሉ እናት ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ግንባራቸውን በጥቁር ሻሽ ጥፍር አድርገው አስረዋል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ወጣት አወቃቸው።

“እትዬ፣ ባለፈው ገበያ ወስደው ነበር እኮ።”

“አለቀ ልጄ።”

“ሃያውም ፍሬ?”

“ሃያውም። ምን ላድርግ ብለህ ነው፤ እንደ ወስፌ ውግት ያደርገኛል።”

ሌባ ጣታቸውን ከቀኝ ጆሯቸው ከፍ ብሎ ወዳለው ቦታ አስጠጉና ነካ ሳያደርጉት እጃቸውን መለሱ። እንዳይቀሰቅሱት የፈሩ ይመስላሉ። ውጋቱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ እንኳ አይቆይም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ዝር አይልም። በመካከሉ ሌላ ዓይነት ሕመም አለ፤ ከማጅራት ተነሥቶ ግንባርን ዙሮ የሚያጠብቅ፣ ድፍን ያለ፣ ወደ ማታ የሚብስ። ሻሹ የታሰረው ለዚህኛው ነው።

ሕመሙ የጀመራቸው ትልቁ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ወዲህ ነው። የመተማው መንገድ እዚሁ ቅርብ፣ አዘዞ ላይ ይገነጠላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ከደጋው የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ልጁ አጨዳው ሲያልቅ አልተመለሰም፤ ወደ ሱዳን ተሻገረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ስልኩ ተቋረጠ። ከወራት በኋላ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ደህና ነኝ አለ፤ መሥመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ እናትየው ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አድርገው ነው የሚተኙት። እንቅልፍ ከመጣ።

ይህን የነገሩኝ ግን በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ምርመራው ነበር። ደም ሰጥተው “ታይፎይድና ታይፈስ” ተብለዋል፤ የታዘዘላቸውን ጨርሰዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ተብለው ያንኑ እንደገና ወስደዋል። “ሳይነስ ነው” ያላቸውም አለ። ግፊታቸው ተለክቶ ደህና ሆኗል። ጎረቤታቸው ደግሞ “ምች ነው፤ ከፀሐይ ገብተሽ ቀዝቃዛ ውኃ ነክተሽ ነው” ብላ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። ቅጠሉን በሁለት መዳፏ መካከል አሽታ፣ አረንጓዴውን ጭማቂ በቡና ሲኒ ጠብ ጠብ አደረገች፤ የተረፈውን ግንባራቸውንና አፍንጫቸውን ቀባች። ጭማቂውና ሽታው ለጥቂት ሰዓት ቀለል አደረጋቸው። ጠበልም ገብተዋል፤ እዚያ ባሉበት ሰባት ቀን ውጋቱ አልጎበኛቸውም። ቤት ሲመለሱ ተመለሰ። በመጨረሻ ወረቀታቸውን ሁሉ ያየ ሰው “ምንም የለብዎትም፤ ዝም ብለው አይጨነቁ” ብሎ ሸኛቸው።

በዚህ ዘገባ ውስጥ ከምንም በላይ የምከራከረው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። “ምንም የለብዎትም” የተባለ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል። አንደኛው ሕመሙ ነው፤ አንድ ቅንጣት አልቀነሰለትም። ሁለተኛው አዲስ ጥርጣሬ ነው፤ “አላገኙትም ማለት ነው፤ የባሰ ነገር አለ ማለት ነው።” ወይም ደግሞ ኀፍረት ይጨመርበታል፤ “የፈጠራ በሽታ ነው ያለኝ፤ ቤተሰቤንም አሰልችቻለሁ።” ሁለቱም ጥርጣሬና ኀፍረት ሌሊቱን ያስረዝማሉ፤ የረዘመ ሌሊት ደግሞ በማግሥቱ ራስን ያሳምማል። እውነቱ ሌላ ነው። ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ራስ ምታት እውነተኛ ሕመም ነው፤ የሚተላለፈው በእውነተኛ ነርቭ ነው፤ ስም አለው፤ ሕክምናም አለው።

ስለ ታይፎይዱና ታይፈሱ አንድ ነገር ልበል፤ በአገራችን ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን በዚህ በር ያልፋል። በሽታዎቹ የሉም ማለቴ አይደለም። ታይፎይድ በተበከለ ውኃና ምግብ ይመጣል፤ ተስቦና ግርሻም በቅማል እየተላለፉ የደጋውን ሕዝብ ለዘመናት የፈጁ በሽታዎች ናቸው። ራስ ምታት የሁሉም ምልክት ነው። ችግሩ ምርመራው ላይ ነው። በየጤና ተቋሙ በብዛት የሚሠራው ዊዳል እና ዌይል ፌሊክስ የሚባለው ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያሳይም፤ ሰውነት ለጀርም ያዘጋጀውን መከላከያ ነው የሚፈልገው። ያ መከላከያ ከቀድሞ ሕመም ተርፎ በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ሌላ ተሕዋስም ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ “ፖዘቲቭ” የወጣ ወረቀት ብቻውን በሽታው ዛሬ አለ ለማለት አይበቃም። ትኩሳት ሳይኖር፣ ዓመት ከዓመት የሚመላለስ ራስ ምታት ታይፎይድ ነው ማለት ይከብዳል። የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ግን ገንዘብ ይበላል፣ ሆድ ያውካል፤ ጀርሞቹም መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። ዋናውን ጥያቄ ደግሞ ያዘገያል።

ሳይነስም እንደዚሁ ነው። የፊት አጥንት ጉድጓዶች ሲመረቅዙ ያማሉ፤ ያን ጊዜ ግን አፍንጫ ይዘጋል፣ ወፍራም ንፍጥ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ትኩሳት አለ። ከዚህ ውጭ በግንባርና በዓይን ዙሪያ የሚመላለሰው ሕመም፣ “ሳይነሴ ተነሣብኝ” የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማይግሬን ሆኖ ይገኛል።

ወደ ውጋቱ ልመለስ። የዓለም የራስ ምታት ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሦስተኛ የምደባ መጽሐፍ ውስጥ እኚያ እናት በጣታቸው ያሳዩት ነገር ራሱን የቻለ ቦታ ተሰጥቶታል። ድንገት የሚወጋ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚቆይ፣ ሥርዓት በሌለው ጊዜ የሚመላለስ ሕመም ነው። ከውጋቶቹ 80 ከመቶ የሚሆኑት 3 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚቆዩት። ዓይን አያስለቅስም፣ አፍንጫ አያስፈስስም፤ በስተጀርባውም በአንጎል ውስጥ የተደበቀ ሌላ በሽታ የለም። ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። አጭርነቱ ራሱ መልካም ምልክት ነው። ነገር ግን የሚያስደነግጠውም እሱ ነው፤ እንዲህ ስለታም የሆነ ነገር ያለ ምክንያት መጥቶ ያለ ምክንያት ሲሄድ፣ ሰው “ደም ሥር ሊበጠስ ነው” ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ግንባር ዙሪያውን የሚያጠብቀው ሁለተኛው ሕመም በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበዛው የራስ ምታት ዓይነት ነው። በሁለቱም ወገን ይሰማል፤ አይወቅርም፣ ይጫናል፤ ሰውየው እየተነጫነጨም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። ማይግሬን ከዚህ ይለያል። በአንድ ወገን ይወቅራል፤ ሲራመዱ ይብሳል፤ ሆድ ይገለብጣል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፤ ጨለማ ክፍል ገብቶ መተኛት ያምራል። ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። አንድን ሰው ሦስቱም በተለያየ ቀን ሊይዙት ይችላሉ፤ ለዚህ ነው “የኔስ በሽታ አይታወቅም” የሚባለው።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጣጣ አይደለም። በቡታጅራ የሚጥል በሽታን፣ በደንቢያና በፎገራ ደግሞ ጓያ የሚያመጣውን የእግር መስነፍ ያጠኑት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ራስ ምታት የጠየቁበት ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን ያመመው አዋቂ 44.9 ከመቶ ሆኖ ተገኘ፤ 17.7 ከመቶው ማይግሬን፣ 20.6 ከመቶው የሚያጠብቀው ዓይነት ነበረው። ከመቶ ሰው ሦስቱ በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ያማቸዋል። ከጠዳ ገበያ መቶ ሰው ብትቆጥሩ ሦስቱ ከወሩ እኩሌታውን በሕመም ነው የሚያሳልፉት ማለት ነው። እነዚያ ሦስቱ እህል ይሰፍራሉ፣ ልጅ ያዝላሉ፣ ባጃጅ ይነዳሉ፤ ሕመሙ ከፊታቸው ስለማይታይ ማንም አይለያቸውም።

እርግጥ ራስን የሚያሳምም ሁሉ ጭንቀት አይደለም። በጎንደር ምድር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቡና ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው ሲቀርበት ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ቡናው ሲመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል። ጨርሶ ለተወው ሰው ሕመሙ በሳምንት ገደማ ያበቃል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ረሃቡም የውኃ ጥማቱም የቡናው መቅረትም በአንድ ላይ ነው የሚመጣበት። ሌላው ከሰል ነው። በክረምት ብርድ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ፍም ከነጭሱ ወደ ውስጥ አስገብቶ የሚቀመጥ ቤተሰብ በሙሉ ራሱን ሲያመው “ምች መታን” ይላል። የመታቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም። በር ይከፈት፣ ከሰሉ ይውጣ። ይህን የምጽፈው በየክረምቱ ቤተሰብ ተኝቶ ሲቀር ስለምንሰማ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከተጠየቁ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ነው ከባዱ። ሥጋት፣ ሐሳብ፣ ፍርሃት እንዴት አድርጎ ራስ ላይ ይወጣል?

አንጎል ራሱ ቢነካ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው በዙሪያው ያለው ነው፤ አንጎልን የሸፈኑት ስስ ሽፋኖች፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮች፣ የራስ ቅልን የለበሰው ጡንቻና ቆዳ። ከፊትና ከግንባር የሚነሣውን ስሜት አምስተኛው የራስ ነርቭ ይሸከማል፤ ከማጅራት የሚነሣውን የአንገት የላይኞቹ ነርቮች። እነዚህ ሁለቱ አንጎል ከኅብለ ሰረሰር ጋር በሚጋጠምበት አካባቢ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ማጅራት ሲደርቅ ሕመሙ ዓይን ላይ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። መገናኛው የመጣለትን ሁሉ እንዳለ አያሳልፍም። ከላይ ከአንጎል ትእዛዝ ይወርድለታል፤ ይህን አለዝበው፣ ያን አጉላው የሚል። ሰው ሲረጋጋ የማለዘቡ ትእዛዝ ይበረታል። ሥጋት ውስጥ ያለ ሰው ግን አደጋን የሚጠባበቁት የአንጎል ክፍሎች ቀን ከሌሊት ስለሚሠሩ የማጉላቱ ያይላል። ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት መልእክተኛ ኬሚካሎች በሁለቱም ሥራ፣ በስሜትም በሕመምም፣ ስላሉበት አንዱ ሲዛባ ሌላው አብሮ ይዛባል።

ከዚህ በታች ደግሞ ሥጋው አለ። የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፤ በተለይ ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፤ ጠዋት ሲነሣ መንጋጭላውና የጆሮ ግንዱ ደክሞ ይገኛል። አተነፋፈሱ አጭርና ፈጣን ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣና ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ቅልል ይላል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ዓይን ብዥ ይላል። ይህን ያየ ሰው “አሁን ወደቅሁ፣ አሁን ሞትኩ” ብሎ ይበልጥ ይደነግጣል፤ የበለጠ ይተነፍሳል። እንቅልፍ ማጣቱ ሲጨመርበት ማይግሬን ያለበት ሰው ለሕመሙ በሩ ተከፍቶ ያድራል። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 5 እጥፍ ለጭንቀት ሕመም የተጋለጡ እንደሆኑ ጥናቶች ያሳያሉ፤ መንገዱም የሁለት ወገን ነው። ጭንቀት ሕመምን ያበዛል፤ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሕመም ደግሞ ሰውን ያስጨንቃል። ለቅሶ ቤት ልሄድ፣ ሠርግ ልውል፣ እዚያ ቢነሣብኝስ እያለ ከሰው የቀረ ስንት አለ።

ስለ አጭሩ ውጋት በጥንቃቄ መናገር አለብኝ። ውጋቱን የሚፈጥረው ጭንቀት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ምንም ጭንቀት የሌለባቸው ሰዎችም ይወጋቸዋል። ጭንቀት የሚያደርገው ሌላ ነው። ሦስት ሰከንድ ቆይቶ የሄደውን ነገር ቀኑን ሙሉ ያቆየዋል። ሰውየው በየደቂቃው ራሱን ያዳምጣል፤ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ሌላው የማይሰማውን ትንሿን ሁሉ ይሰማል። እኚያ እናት “አሁን አላመመኝም፤ ግን ሊመጣ ነው” ያሉኝ ይህንን ነው።

አሁን በዚህ ጉዳይ ላይ ከማውቀው ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት ሐኪም በሚያንስበት አገር የአእምሮ ሕመምን ለመለየት ብሎ ያዘጋጀው፣ ሃያ የ“አዎ” እና “አይደለም” ጥያቄዎች ያሉት አንድ መጠይቅ አለ። ወደ አማርኛ ተመልሶ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቡታጅራ ላይ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን በዚሁ መጠይቅ ጠይቀው 17 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት በአእምሮ ጭንቀት ውስጥ እንዳሉ አግኝተዋል። መጠይቁ ያዝናሉ ወይ፣ ያለቅሳሉ ወይ፣ መኖር ያስጠላዎታል ወይ እያለ ይሄዳል። የሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ቁጥር አንዱ ግን ሌላ ነው። ቶሎ ቶሎ ራስዎን ያምዎታል ወይ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ ድንጋጤ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመጣው። የጨጓራው ጥያቄም እዚያው አለ።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በሆስፒታልም በጤና ጣቢያም ልቡ የተጨነቀ ሰው “ተጨንቄአለሁ” ብሎ አይመጣም። የደጋ ሰው የሆዱን በሆዱ ይዞ ነው ያደገው። ሐዘኑን ለቅሶ ቤት ያወጣዋል፤ ሥጋቱን ግን ለማን ያወጣዋል? ወገቤን፣ ጨጓራዬን፣ ራሴን ብሎ ነው የሚመጣው። ዋሽቶም አይደለም፤ በእርግጥ ያመዋል። ስለዚህ ጤና ባለሙያው “ራሴን” ሲባል ከቴርሞሜትሩና ከግፊት መለኪያው ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ ቢጨምር የሚያገኘው ብዙ ነው፤ “ቤትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ?” እኚያ እናት ስለ ልጃቸው እስኪያወሩ ድረስ ብዙ አልፈጀባቸውም፤ እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተከፈተው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በደንቢያ ሜዳ የገባው ወባ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒተሪያኑ በቡድን ወደ ገጠር ወርደው፣ በሽተኛውን ከነቤቱና ከነውኃው እንዲያዩት ነበር ሐሳቡ። ጠዳም ዛሬ የራሷ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች መንገዱን ሲሻገሩ ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ነገ በየጤና ጣቢያው የሚቀመጡት ናቸው። የአንድ ራስ ምታት ታሪክ በሚገባ ማዳመጥ፣ ለእኔ፣ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ሊማሩት የሚገባ ሙያ ነው። ለራስ ምታት የሚወጣው አብዛኛው ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ በሽታው የሚገኘው በጨዋታው ውስጥ ነው።

በዚህ አካባቢ ደግሞ የሚያስጨንቅ ነገር አልጠፋም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደባርቅና ዳባት ድረስ አንኳኩቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት አለ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የሄደ ሰው እስኪመለስ ቤቱ ልቡን ይዞ ይቆያል። በእንዲህ ያለ ዘመን መጨነቅ በሽታ አይደለም፤ የተጨነቀውን ሰው “ለምን ትጨነቃለህ” ማለትም ፍርድ ማዛባት ነው። ነገር ግን ምክንያት ያለው ጭንቀትም ሰውነትን ይጎዳል። ልጁ እስኪደውል ድረስ የእናቲቱ ራስ ሳይታከም መቆየት የለበትም።

ሕክምናው ከምን ይጀምራል? ከመቀነስ ይጀምራል፤ ይህን ሲሰሙ ብዙዎች አያምኑም። ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ያህል የወሰደ ራስ ምታተኛ መድኃኒቱ ራሱ ራሱን ሊያሳምመው ይችላል። እንደ ትራማዶል ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎችና የተደባለቁት ኪኒኖች ከሆኑ 10 ቀን ይበቃል። ኪኒኑ ሥራው ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሕመሙ ሲመለስ ኪኒን ይጨመራል። ዲክሎፈናክና አይቡፕሮፌን በዚያ ላይ ጨጓራን ይልጣሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ሕመሙ ከበፊቱ ይብሳል፣ ሰው “ይኸው፣ ሳልወስድ ስቀር” ብሎ ወደ ባንኮኒው ይመለሳል። ቀድሞ የተነገረው ግን ይታገሣል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙው ይቀልለታል። ትራማዶል የለመደ ሰው ግን በራሱ ድንገት አያቁም፤ ባለሙያ እያየው ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው።

ከዚያ መከላከያው ይመጣል። አሚትሪፕቲሊን የሚባል ርካሽና የቆየ መድኃኒት አለ፤ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም በምትሆን ትንሽ መጠን ማታ ይወሰዳል። የሚያጠብቀውንም ማይግሬኑንም ያበርዳል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያፈዛል፤ ውጤቱም በቀናት አይታይም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። አስም ለሌለበት ማይግሬነኛ ፕሮፕራኖሎል አለ። ውጋቱ በቀን ደጋግሞ ለሚያሰቃየው ኢንዶሜታሲን ይሞከራል፤ ለአብዛኛው ሰው ግን “ይህ የሚገድል አይደለም” ተብሎ በወጉ መረዳቱ ከመድኃኒት ይበልጥበታል። ጭንቀቱ ራሱን ችሎ ሕመም ሲሆን ደግሞ የሥነ ልቦና ምክርም መድኃኒትም አለ። ሁሉም በባለሙያ ነው የሚታዘዘው፤ ለጎረቤት የታዘዘ ለእርስዎ አይሆንም።

ጠበሉስ? እኔን ጠበል የገባ ሰው ሳይሆን መድኃኒቱን ለጠበል ብሎ ያቆመ ሰው ነው የሚያሳስበኝ። እኚያ እናት በጠበሉ ሰባት ቀን የቀለላቸው ያለ ነገር አይደለም። ስልኩ ከትራስ ሥር አልነበረም፤ ብቻቸውን አላደሩም፤ ከእሳቸው የባሰባቸውን አይተዋል፣ ጸልየዋል፣ አልቅሰዋል። ይህን የሚሰጥ ክሊኒክ የለንም። ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

የሕመሙን ቀን መመዝገብም ይጠቅማል፤ ሐኪም ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው እሱን ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውም ለዚህ አይቸገርም፤ ቀኑን በታቦት ነው የሚቆጥረው። “በአቦ ጀምሮኝ በሥላሴ ለቀቀኝ፤ ለሚካኤል ማኅበር ደግሼ ስደክም ተመለሰ” ያለ በሽተኛ ከ5 እስከ 7፣ ከዚያ በ12 ብሎ ነው የነገረን። የወር አበባ የደረሰበት ቀን፣ እንቅልፍ የታጣበት ሌሊት፣ ቡና የቀረበት ጠዋት አብሮ ይቆጠር። ምን እንደሚቀሰቅሰው ከሁለት ወር በኋላ መታየት ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ስል ግን ጊዜ የማይሰጥ ራስ ምታት አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከምንም ተነሥቶ በሕይወት ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ሕመም የሚሆነው የደም ሥር ፍንዳታ ሊሆን ይችላል። ከትኩሳትና አንገት አልታጠፍ ከማለት ጋር የመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳትና ራስ ምታት ካለው ደግሞ ወባ መመርመር አለበት። አንድ ጎን የሰነፈ፣ አፉ የተጣመመ፣ ንግግሩ የተሳሰረ፣ ራሱን የሳተ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከተመታ በኋላ ያመመው፣ ከ50 ዓመቱ በኋላ በአዲስ የጀመረው፣ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰውና የሚያስመልሰው፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት፣ እነዚህ ሁሉ ጭንቀት ነው ተብለው አይሸኙም። እርግዝናዋ አምስት ወር ያለፈ ሴት ደግሞ ራሷን አጥብቆ ሲያማት፣ ዓይኗ ብዥ ሲልባት፣ እጅና ፊቷ ሲያብጥ በዚያው ቀን ግፊቷ መለካት አለበት። ዳማከሴ እስኪቀጠፍ፣ ኪኒን እስኪሠራ፣ ባል ከእርሻ እስኪመለስ አይባልም።